ሲኤፍሲ ከጠፈር ይታያል?

ጥያቄ፦ ኦዞንን የሚጎዱት ጋዞች አየር ውስጥ እጅግ ጥቂት ናቸው ይባላል። ታዲያ 650 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት እንዴት ይለካቸዋል? የተከለከለ ጋዝ በድብቅ የሚለቅ ፋብሪካ ቢኖርስ ያጋልጠዋል?

መልስ፦ ጥቂት ስለመሆናቸው ልክ ነዎት። ከእነዚህ ጋዞች ዋነኞቹ ሲኤፍሲ የሚባሉት ሰው ሠራሽ ጋዞች ናቸው፤ ላይኛው አየር ላይ ሲፈርሱ የሚለቁት ክሎሪን ኦዞንን ያጠፋል። ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ ሲኤፍሲ-12 የሆኑት 500 አይሞሉም። ሲኤፍሲ-11 የዚህን ግማሽ እንኳ አይደርስም።

ሳተላይቱ ግን ጋዙን ራሱን አይነካም። የሚያነበው የጎደለ ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ጋዝ ዓይን ከማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ውስጥ እየመረጠ የሚውጠው የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው። ሲኤፍሲዎች የሚውጡት በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ባለው ክልል ነው። እዚያ የውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙም ስለማይጋርዱ ጉድለቱ በደንብ ይለያል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የካናዳውን ሳተላይት ሳይሳትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲመጥቅ የታሰበለት ዕድሜ 2 ዓመት ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላም እየሠራ ነበር። ምድርን ሲዞር በቀን እስከ 15 ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ፣ እስከ 15 ጊዜ ደግሞ ስትጠልቅ ያያል። በዚያች ቅጽበት ብርሃኑ ከባቢ አየሩን በአግድም ሰንጥቆ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አልፎ ነው መሣሪያው ጋ የሚደርሰው። መንገዱ ሲረዝም የጥቂቶቹ ሞለኪውሎች ሥራ ተደምሮ ይታያል። ፀሐይ ከአየሩ በላይ ስትሆን ደግሞ ያንኑ ብርሃን አየር ሳይነካው ይለካውና አንዱን ለሌላው ያካፍላል። መሣሪያው ቢያረጅም ሁለቱም ልኬቶች ላይ እኩል ስለሚያርፍ ስህተቱ ይሰረዛል። ብልሃት ማለት ይኼ ነው!

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ለመላው ዓለም በቀን 30 ልኬት ምን አላት? የአውሮፓው ሳተላይት ኤንቪሳት ላይ የነበረው ሚፓስ የተባለ መሣሪያ ግን አየሩ ራሱ የሚያወጣውን ሙቀት ስለሚያነብ ሌሊትም ይሠራ ነበር። ከሳተላይቱ ጋር የነበረው ግንኙነት በ2012 ተቋረጠ።

ወደ ድብቁ ፋብሪካ ስንመጣ፣ ሳተላይት ጎበዝ መርማሪ አይደለም። መሬት አካባቢ ደመናና የውሃ ትነት ያስቸግሩታል። ሲኤፍሲ-11 ደግሞ 50 ዓመት ያህል ስለሚቆይ ዓለምን ሁሉ አዳርሷል፤ አዲስ ልቀት በዚያ ክምችት ላይ ሲጨመር ከላይ ሆኖ መለየት ይከብዳል። በ2018 የሲኤፍሲ-11 መቀነስ ከሚጠበቀው ይልቅ መዝገሙን ያሳወቁት ምድር ላይ አየር የሚቀዱ ጣቢያዎች ናቸው። በ2019 ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ጎሳንና የጃፓኑ ሃተሩማ ጣቢያዎች ልኬት የአዲሱን ልቀት ትልቅ ድርሻ ወደ ምሥራቅ ቻይና አመለከተ።

ሳተላይት የሚበልጠው ላይኛው አየር ላይ ነው። እነዚህን ጋዞች የከለከለው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ሠርቷል ወይ ብለው ከጠየቁ፣ አንታርክቲካ ላይ ያለውን የኦዞን ቀዳዳ ስፋት ብቻ አይመልከቱ። እሱ በየዓመቱ እንደ ብርዱ ይሰፋል፣ ይጠባል። እኔ የማየው በ2004 የመጠቀው የናሳ ሳተላይት ኦራ ላይ ያለው ኤምኤልኤስ የተባለ መሣሪያ የሚለካውን ሃይድሮጂን ክሎራይድ ነው። አንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ክሎሪኑ በአብዛኛው ወደዚህ ውህድ ይለወጣል። ስለዚህ በጥቅምት ወር ሲለካ እዚያ ላይ ምን ያህል ክሎሪን እንደቀረ ይናገራል። ቁጥሩም ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ቢልም፣ በረጅሙ ሲታይ እየወረደ ነው።