«ታፒር» ወይስ «ባለኩምቢ አሳማ»?

ጥያቄ፦ ስለ ዱር እንስሳት የተተረጎመ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። አንዱ ተርጓሚ «ታፒር» ያለውን እንስሳ ሌላው «ባለኩምቢ አሳማ» ብሎታል። የትኛው ይሻላል? የዝርያዎቹስ ስም እንዴት ይጻፍ?

መልስ፦ «ታፒር» ይባል። ቃሉ ከብራዚል የቱፒ ቋንቋ ተነሥቶ ወደ ብዙ ቋንቋዎች የገባ ነው፤ ለአማርኛ አነጋገርም አያስቸግርም። «ባለኩምቢ አሳማ» የእንስሳውን መልክ ጥሩ አድርጎ ቢገልጽም ዝምድናውን ያዛባል። አሳማ እንደ በግና እንደ ጉማሬ ከሙሉ ጣት ሸሆኔዎች ክፍለ መደብ ሲሆን፣ ታፒር ግን ከፈረስና ከአውራሪስ ጋር ከጎደሎ ጣት ሸሆኔዎች፣ ማለትም የጣታቸው ቁጥር ለሁለት እኩል ከማይከፈል እንስሳት፣ ይመደባል። የፊት እግሩ አራት ጣት ስላለው «ጎደሎ ጣት» መባሉ ግር ያሰኝ ይሆናል፤ የኋላ እግሩ ግን ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው፤ ክብደቱም በዋናነት የሚያርፈው በመካከለኛው ጣት ላይ በመሆኑ ምደባው ትክክል ነው። መልክ ሊቃውንትንም አሳስቷል፦ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከጉማሬ ወገን ቆጥሮ «የየብስ ጉማሬ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጥቶት ነበር። «ታፒረስ» የተባለውን የራሱን ወገን ያወጣለት ፈረንሳዊው ብሪሶን ነው፤ ይህም በ1762 ነበር።

በስፋት የታወቁት ዝርያዎች አራት ናቸው፦ የቆላ ታፒር፣ የተራራ ታፒር፣ የቤርድ ታፒር እና የማላያ ታፒር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአማዞን አካባቢ «ታፒረስ ካቦማኒ» የተባለ አምስተኛ ዝርያ ቀርቦ ነበር፤ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ስላከራከረ ከአራቱ እኩል ባይዘረዘር እመርጣለሁ።

በእነዚህ ስሞች ውስጥ «የ» የምትሠራው ሥራ የተለያየ ነው፤ በ«የተራራ» መኖሪያን፣ በ«የማላያ» አገርን ታመለክታለች፤ «የቤርድ» ግን ለአሜሪካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለስፔንሰር ቤርድ መታሰቢያ ነው። በእርማትዎ በተለይ እንዲጠነቀቁ የምለምንዎ የእመር ምልክት (ስሙ ተለይቶ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው እንደ «ተራራው» እና «ታፒሩ» ያለው መጨረሻ) የሚገባበትን ቦታ ነው። «የዱር አሳማው» እና «የዱሩ አሳማ» አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ «የተራራ ታፒሩ» ሲባል ዝርያው እንደ አንድ ስም ይያዛል፤ «የተራራው ታፒር» ሲባል ግን ቀደም ብሎ በተነሣ አንድ ተራራ ላይ ያለ፣ ዝርያው ያልተለየ ታፒር ይሆናል። ስለዚህ ስለ ዝርያው በሚተርከው ክፍል ሁሉ ምልክቱ «ታፒር» በሚለው ቃል ላይ ይዋል፤ ሲበዛም «የተራራ ታፒሮች»፣ «የተራራ ታፒሮቹ» ተብሎ ይጻፍ።