ጀርመንኛ ከሥራና ከልጆች ጋር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍራንክፈርት ውስጥ መጋዘን ሙሉ ቀን እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ። ሥራዬን ሳልለቅ ኢንተግራሲዮንስኩርሱን (ለመጤዎች የሚሰጠውን የጀርመንኛና የአገር ዕውቀት ትምህርት) መጨረስ እችላለሁ?

መልስ፦ የማታውን ከመረጡ ይችላሉ። የቋንቋው ክፍል 600 ክፍለ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ቀን ቀን በሳምንት 25 የሚማር ሰው በ24 ሳምንት ያጠናቅቃል። እርስዎ በሳምንት 3 ማታ፣ በየማታው 4 ክፍለ ጊዜ ቢማሩ 50 ሳምንት ይፈጅብዎታል። ከዚያ ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ 100 ክፍለ ጊዜ ይከተላል።

ሠራተኛን ከትምህርት የሚያስቀረው የቋንቋው ክብደት ብቻ ሳይሆን የፈረቃ መለዋወጥም ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርቱን ፕሮግራም ለአለቃዎ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ለእነዚያ 3 ቀናት የጠዋት ፈረቃ ይጠይቁ። አንድ ማታ ከቀሩ የሰሌዳውን ፎቶ በዚያው ዕለት ከክፍል ጓደኛ ይቀበሉ፤ ሰዋስዉ ተደራራቢ ስለሆነ አኩዛቲቭ (የተሳቢ ሙያ) ያመለጠው ሰው ዳቲቭ (የ«ለማን» ሙያ) ላይ ግራ ይጋባል።

ቃላትን ባቡር ላይ ያጥኑ፦ በቀን 10፣ ከነዴር፣ ዲ፣ ዳሳቸው (የስሙን ጾታ ከሚያሳዩት ቃላት ጋር)። ጾታውን ኋላ ለብቻው መልቀም እጥፍ ድካም ነው። ከልጆችዎ ጋር ግን እባክዎ አማርኛውን አይተዉ፤ የጀርመንኛ የትምህርት ቤት መጽሐፋቸውን ማታ 15 ደቂቃ ጮክ ብለው ቢያነቡልዎት ለጆሮዎ ይበቃል።