አረሩ አልለሰለሰም፣ ቀጥኗል

ገራዶ ያደገ፣ አሁን ኮሎራዶ የሚኖር አንድ ልጅ ጥያቄ ልኮልኛል። ማርሊን 336 ጠመንጃ አለው፣ የ30-30 ጥይት የሚጎርስ። ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። አረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ጫፍ ተወርውሮ የሚሄደውን፣ ራሱ እርሳስ አቅልጦ ይሠራል፤ እዚያ የተፈቀደ ነው። ችግሩ ይህ ነው። አሥር ጥይት ያህል ሲተኩስ በርሜሉ ውስጥ እርሳስ ይለጠፋል። የሚለጠፈው ጥይቱ ከሚጎርስበት ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በ50 ሜትር ላይ አንዳንዱ አረር ወረቀቱን በጎኑ ይመታል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። "እርሳሱ ለስልሶብህ ነው" ብለውት ሊኖታይፕ የሚባለውን ደረቅ የማተሚያ ቤት እርሳስ ገዛ። ጭራሽ ባሰበት። "ጋሼ፣ የትኛውን እርሳስ ልምረጥ? አሮጌ የመኪና ባትሪ ባቀልጥስ?" ይላል።

አብሽር፣ በርሜልህ አልሞተም። ባትሪውን ግን እርሳው፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለምታነቡ አንድ ነገር። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መጠገንም ሆነ ጥይት መሥራት ያለ ፈቃድ የሚነካ አይደለም። እኔም የጦር መሣሪያ ጥገናን ከሠራዊቱ ጋር ትቼው ወጥቻለሁ፤ አሁን ቶርኖ ነው የማዞረው። ምክሩ ለልጁ ነው።

ወደ ጉዳዩ። እርሳሱ የተለጠፈበትን ቦታ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ወደ አፈሙዙ ጫፍ ቢሆን ኖሮ "ቅባቱ አልቆ ነው" እል ነበር። መጀመሪያው ላይ ከሆነ ግን አረሩ ለበርሜሉ ቀጥኗል። ልስላሴ አይደለም፣ ልክ ነው።

ለተለማማጆቼ ይህን ስነግር ሁሌ ወደ ኢሱዙ ነው የምሄደው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን የሚወጣ ኢሱዙ የፒስተን ፋሻው ካለቀ ምን ይሆናል? ፒስተኑ አልለሰለሰም፣ ያው ብረት ነው። ግን በጎኑ ጋዝ ያመልጣል። ጉልበቱ ይጠፋል፣ ዘይት ይበላል፣ ጢሱን እየተፋ ያቃስታል። አረርም ፒስተን ነው። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ከኋላ ይገፋዋል። አረሩ በርሜሉን ግጥም አድርጎ ከዘጋ፣ ጋዙ ከመግፋት በቀር መንገድ የለውም። የፀጉር ሲሶ የምታህል ክፍተት ካገኘ ግን በጎን ይሾልካል። ጋዙ እሳት ነው፤ እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። እንደ ብየዳ ነበልባል የአረሩን ጎን ይልጠውና የላጠውን ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ግፊቱ የሚበረታው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ እርሳሱም እዚያው ይገኛል። ቀጥሎ የሚመጣው አረር በዚያ ላይ ይንሸራተታል። በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን፣ አረሩን የሚያሾረውን ጥምዝ መስመር አይነክስም፣ በቅጡ አይሾርም፣ ወረቀቱን በጎኑ ይመታል።

ለስላሳ እርሳስ ደግሞ አንድ ጸጋ አለው። ከኋላ ሲመታ ትንሽ ያብጥና ክፍተቱን ራሱ ይደፍናል። የአባቶቻችን ውጅግራ በዚህ ነው የሠራው። ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ነው። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ወገቡ በወረቀት የተጠቀለለ። ዐድዋ ድረስ ዘምቷል። ወረቀቱ እርሳሱን ከብረቱ ይለያል፣ እርሳሱ አብጦ ጋዙን ይዘጋል። አንተ ሊኖታይፕ ስትገዛ ያቺን ማበጥ ነው የከለከልካት። በቀጭን ላይ ደረቅ ጨመርክበት። ውጅግራ ከተነሳ ማቆም ስለሚያስቸግረኝ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

አሁን በርሜሉን ለካ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። በርሜሉን ዘይት ቀባ አድርግ። ከአፈሙዙ ትንሽ የሚሰፋ ንጹህ፣ ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል በእንጨት መዶሻ አስገባና በነሐስ ዘንግ እየገፋህ በሌላው ጫፍ አውጣው። ሰፊውን ቦታ በማይክሮሜትር ለካ። በካሊፐር አይሆንም፤ የምንነጋገረው ስለ ሺኛ ኢንች ነው። የጥይት አሠራር መጽሐፉ 0.308 ኢንች ይልሃል። የማርሊን በርሜሎች ግን 0.309 እና ከዚያም በላይ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። አረርህ ካገኘኸው ልክ ከ1 እስከ 2 ሺኛ ኢንች ይወፍር። በርሜሉ 0.309 ከሆነ 0.310 ወይም 0.311 ማለት ነው።

አረሩ በቀዳዳው ተገፍቶ እያለፈ ልኩን የሚይዝበት መሣሪያህ ላይ "0.309" ተጽፎበታል ብለሃል። መጻፍማ ማን ይከለክላል! በርካሽ የተገዛ መሣሪያ የጻፈውንና የሚያወጣውን አያስማማም። ያወጣውን አረር ለካው። 0.308 ቢሆን አልገረምም። የጠበበ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው፤ በዘንግ ላይ በተጠቀለለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ታሰፋዋለህ። አሰፋና ለካ፣ አሰፋና ለካ። ወፍራሙን አረር ስትጭን ደግሞ ጥይቱ ያለ ግፊት መጉረስ አለበት። እምቢ ካለ በጉልበት አትዝጋው።

ወደ እርሳስ ምርጫው። ሊኖታይፑን አትጣለው፣ ውድ ዕቃ ነው። 84 ከመቶ እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ ነው። ለብቻው ግን ለአደን አይሆንም፤ አጥንት ሲነካ ይሰባበራል። አንድ እጅ ሊኖታይፕ ለሦስት እጅ ንጹህ እርሳስ ቀላቅል። 3 ከመቶ አንቲሞኒ ይተርፍሃል፣ ይበቃል። ወይም የጎማ ባላንስ እርሳስ ሰብስብና ለ5 ኪሎ 100 ግራም ቆርቆሮ ጨምርበት። ከባላንሱ መሃል ግን ዚንኩን ልቀም። ዛሬ ዛሬ ርካሹ ሁሉ ዚንክ ነው። ዚንክ የሚቀልጠው 420 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ድስቱን ከ400 በታች ካቆየኸው ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ታወጣዋለህ። አንዴ ከገባ እርሳሱ ገንፎ ይሆንብሃል፣ አረሩ የሚፈስበትን ፎርማም በደንብ አይሞላም።

ባትሪ ያልከውን አሁን ልመልስ። አታቅልጥ። የባትሪ ፕሌት ውስጥ አሲድ አለ፣ አንቲሞኒና አርሴኒክም ሊኖር ይችላል። ዝቃጩ እርጥበት ሲያገኝ አርሲን የሚባል ገዳይ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ነጻ እርሳስ አይደለም። ሌላውንም ስታቀልጥ ደጅ አቅልጥ፣ እናቶች ወጥ በሚሠሩበት አይደለም። አንዲት ጠብታ ውሃ ድስቱ ውስጥ እንዳትገባ። ተለማማጅ ሳለሁ እርጥብ እርሳስ ድስት ውስጥ ጥዬ ክንዴ ላይ የቀረው ጠባሳ ዛሬም አለ። ከጢሱ ይልቅ የምፈራው ግን አመዱንና አቧራውን ነው። ልጆች አሉኝ ብለሃል። እጅህን ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ከዚያ ልጅ እቀፍ። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል።

በርሜሉን "ያጸዳልህ" ሰው የብረት ብሩሽ በድሪል አዙሮበታል ብለሃል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ዕቃህ አታስጠጋው። ንጹህ የመዳብ ሽቦ ድስት መፈግፈጊያ ግዛ። ማግኔት አስጠጋው፤ ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ መልሰው። ገበያው በዚህ ተሞልቷል። ጥቂት ሽቦ አሮጌ የነሐስ ብሩሽ ላይ ጠቅልልና በዘይት በእጅህ እየሳብህ ፈግፍግ። ኮምጣጤና ፐርኦክሳይድ ቀላቅል የሚሉህን አትስማ፤ እርሳሱን ያሟሟዋል፣ የሚቀረው ፈሳሽ ግን ቆዳ ላይ የማይፈለግ መርዝ ነው።

ፎርማ ስትገዛ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን፣ 170 ግሬን ማለትም 11 ግራም የሚያወጣውን ያዝ። ያንተ ጠመንጃ ጥይቶቹን በቱቦ ውስጥ አንዱን ከአንዱ ኋላ ነው የሚደረድራቸው። ሹል አረር የፊተኛው ጥይት ግርጌ ላይ ያለውን እሳት ማስነሻ ወግቶ ሊያፈነዳው ይችላል፣ ስለዚህ ሹል አይገባም። ከ500 ሜትር በሰከንድ በላይ ከሄድህ ግርጌው ላይ የመዳብ ቆብ ይኑረው። ለቅባት የንብ ሰም ያለበት ይሁን። ባሩዱን በመጽሐፉ ከተጻፈው ትንሹ መጠን ጀምር። ካሊፎርኒያ ለማደን የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የእርሳስ ጥይት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደን ክልክል ነው። ሥጋውንም ስታወራርድ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን በሰፊው ቆርጠህ ጣል፤ ልጆች ይበሉታልና።

መጀመሪያ ልኩ ነው። አረሩን አወፍርና አሥር ተኩስ። ከዚያ በርሜሉን በመብራት እይ። መጀመሪያው ጠርቶ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ትንሽ ብልጭ የሚል ካየህ የቅባት ጉዳይ ነው፣ ጻፍልኝ። ባትሪውንም ለሰፈሩ ሰብሳቢ ስጠው።