መልስ፦ ቦንድ ይለወጣል ወይስ ያው ነው?
«የዳንኤል ክሬጉ ሰላይ ጄምስ ቦንድ ከፊልም ፊልም ይለወጣል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ በደንብ! እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱን ሽሽት ጋቢ ተከናንቤ አምስቱንም ፊልሞቹን በተከታታይ ሳይ ነው የገባኝ።

በፈረንጆቹ 2006 በወጣው ካዚኖ ሮያል ገና የመግደል ፈቃድ ያገኘ ግልፍተኛ ነው። ግን የሻወሯን ትዕይንት አስታውስ። የሚወዳት ሴት ቬስፐር ሰው ሲገደል አይታ ከነልብሷ ውሃ ስር ትንቀጠቀጣለች። እሱም ከነሸሚዙ አጠገቧ ቁጭ ይላል። ስብከት የለ፣ ምክር የለ። እሷ ስትሞት ልቡን ይቆልፋል።

የ2008ቱ ፊልም ቂም ብቻ ነው፣ እለፈው። ስካይፎል የተባለው ፊልም ላይ አለቃው ኤም እቅፉ ውስጥ ስትሞት ያለቅሳል። ቀጥሎ በመጣው ፊልም፣ በስፔክተር፣ ያለው ፍቅር ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልዋጥልህ ብሎኛል። በ2021ዱ ፊልም መጨረሻ ያ ግድ የለሽ ሰውዬ የልጁን አሻንጉሊት ማንጠልጠያው ላይ ሻጥ አድርጎ ሚሳኤሉን ይጠብቃል።