መልስ፦ የሰማያዊዋ ክር ነገር

ወንድሜ፣ ከጣና ዳር የለቀምካት ሰማያዊ ክር የአሳ መረብ ናይለን ናት ወይስ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ላልከው፣ በአይን አትለይም፣ በኢንፍራሬድ ማይክሮስኮፕ (ነገሩ የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚውጥ በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ግን ቀላል ነው። ናይለን ከሆነች ዌቭናምበሩ (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለው የብርሃኑ ሞገድ ብዛት) 1640 እና 1540 አካባቢ ሁለት ትልልቅ ፒክ (የግራፉ ጫፍ) ታያለህ፣ ማዳበሪያው ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ እነሱ የሉትም፣ እሱን 1376 ላይ ፈልገው። ብቻ በደንብ አድርቃት፣ ውሃ ራሱ 1640 ላይ ስለሚመጣ ያሳስትሃል፣ እኔን ስንት ቀን አሞኝቶኛል መሰለህ! እምቦጭ ምናምን ከተጣበቀባት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጽዳት። ደግሞ ተራ መስታወት ስላይድ ላይ እንዳታደርጋት፣ መስታወት ከ2000 በታች ያለውን ይውጠዋል፣ ስላይዱን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነህ ክሯን ጨፍልቀህ በሪፍሌክሽን (ከፎይሉ ነጥሮ በሚመለሰው ብርሃን) ለካ። ከ10 ማይክሮን በታች ከቀጠነች ግን አትልፋ፣ ራማን (በሌዘር ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ያለው ሰው ፈልግ።