ስለ አይሶቶፖች አለያየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመልመጃችን ላይ አራት አቶሞች ቀርበዋል፦ ሀ) 19 ፕሮቶንና 21 ኒውትሮን፣ ለ) 18 ፕሮቶንና 22 ኒውትሮን፣ ሐ) 19 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን፣ መ) 20 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን ያላቸው። የሀ፣ የለ እና የመ ድምር 40 ስለሆነ አይሶቶፖች ናቸው ብዬ ብመልስ መምህራችን አልተቀበሉኝም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው። አይሶቶፖች የሚባሉት እኩል ፕሮቶን ኖሯቸው በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ናቸው። የአቶሙን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኖቹ ብዛት፣ ማለትም አቶሚክ ቁጥሩ ብቻ ነው። 19 ፕሮቶን ያለው አቶም ምንጊዜም ፖታሲየም፣ 18 ያለው አርጎን፣ 20 ያለው ደግሞ ካልሲየም ነው። ማስ ቁጥር የፕሮቶኖችና የኒውትሮኖች ድምር በመሆኑ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ሊጋሩት ይችላሉ፤ እርስዎ የመረጧቸው ሦስቱም በዚህ ምክንያት አይሶባር ይባላሉ እንጂ አይሶቶፕ አይባሉም። አይሶቶፖቹ ሀ እና ሐ፣ ማለትም ፖታሲየም-40 እና ፖታሲየም-39 ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ በቅድሚያ አቶሚክ ቁጥሩን ያነጻጽሩ፤ እሱ እኩል ካልሆነ ወደ ማስ ቁጥሩ መሄድ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ የክሎሪን ቁጥር 35.45 ነው። 17 ፕሮቶን ሲቀነስለት 18.45 ኒውትሮን ይቀራል፤ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ 35.45 የየትኛውም አቶም ማስ ቁጥር አይደለም፤ በተፈጥሮ የሚገኙት የክሎሪን አይሶቶፖች አማካይ ነው። ከመቶ የክሎሪን አቶሞች 76 ያህሉ ክሎሪን-35 (18 ኒውትሮን)፣ 24 ያህሉ ክሎሪን-37 (20 ኒውትሮን) ናቸው። 35ን በ76፣ 37ን በ24 አባዝተን ደምረን ለ100 ስናካፍል 35.48 እናገኛለን፤ የቀረችው ትንሽ ልዩነት የመጣችው በዋናነት የአንድ አቶም ትክክለኛ መጠነ ቁስ ከማስ ቁጥሩ በጥቂቱ ስለሚለይ ነው። አማካዩን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ማስ ቁጥር ማድረግ በየመልመጃው የተለመደ ቢሆንም እኔ አልወደውም፤ በብሮሚን ላይ ጉዱ ይወጣልና። የብሮሚን አማካይ 79.90 ስለሆነ ተማሪው 80 ብሎ 45 ኒውትሮን ያወጣለታል፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ብሮሚን ግን ግማሽ በግማሽ ገደማ ብሮሚን-79 እና ብሮሚን-81 ነው። ብሮሚን-80 ሬዲዮአክቲቭ ሆኖ ቶሎ የሚፈርስ፣ በሰው ጥረት የሚሠራ አይሶቶፕ ነው።

ጥያቄ፦ የክሎሪን አዮን (አንድ ኤሌክትሮን የጨመረ የክሎሪን አቶም) እንደ አርጎን 18 ኤሌክትሮን አለው። የአርጎን አይሶቶፕ ልንለው እንችላለን?

መልስ፦ አንችልም። ፕሮቶኖቹ አሁንም 17 ናቸው፤ ኤሌክትሮን መጨመር ወይም መቀነስ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ይለውጣል እንጂ ንጥረ ነገሩንም ሆነ አይሶቶፑን አይለውጥም።

ጥያቄ፦ የሉሲ (ድንቅነሽ) ዕድሜ በአርጎን ተለካ ሲባል እሰማለሁ። ከአቶሚክ ቁጥርና ከማስ ቁጥር ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ በቀጥታ ይያያዛል። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን አጽሟ በተገኘበት በሐዳር ከደለሉ ጋር ተነባብሮ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 እጅግ በዝግታ ይፈርሳል፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ለመፍረስ የሚፈጅበት ጊዜ) 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሲፈርስ አብዛኛው ካልሲየም-40፣ ከመቶ 11 ያህሉ ደግሞ አርጎን-40 ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ ማስ ቁጥሩ 40 እንደሆነ ሲቀር የተለወጠው አቶሚክ ቁጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ የተነሡት ሦስቱ አይሶባሮች እነዚሁ ናቸው። ቀልጦ የነበረው ቁስ የአርጎን ጋዙን ስለሚለቅ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በማዕድኑ ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን-40 ጊዜውን ይናገራል። በተሻሻለው ዘዴ ናሙናው በኑክሌር ማብላያ ውስጥ በኒውትሮን ይመታና ከፖታሲየም-39 የተወሰነው አንድ ኒውትሮን ተቀብሎ አንድ ፕሮቶን በመልቀቅ አርጎን-39 ይሆናል፤ በዚህ መንገድ የፖታሲየሙም መጠን በአርጎን አይሶቶፕ ይለካል። አርጎን-39 እና አርጎን-40 ሁለቱም 18 ፕሮቶን ስላላቸው በኬሚካል አይለያዩም፤ የሚለያቸው አቶሞችን እንደ መጠነ ቁሳቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ለሉሲ የሚጠቀሰው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተገኘው በዚህ ዓይነት ልኬት ነው።