በሬ ተሸጦ ምህዋር አይወጣም

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ምህንድስና 4ኛ ዓመት ነህ። ቻይና ኮምፒውተር የተሸከሙ ሳተላይቶች ማምጠቋን ሰምተህ «የምር ሙያ ነው ወይስ የትልልቆቹ ጉራ?» ብለሃል። አባትህ ደግሞ ሁለቱን በሬዎች ሸጠው «ቻይና እልከዋለሁ» ላለ ደላላ ሊከፍሉ ነው። እንግሊዝኛህም ያሳስብሃል።

ከበሬው ልጀምር። አይሸጡ! የቻይና መንግሥት ሙሉ ስኮላርሺፕ የትምህርቱንም የመኖሪያውንም ይሸፍናል፤ ማመልከቻው ኢንተርኔት ላይ አለ። ሰኔ ሲገባ በምን ሊያርሱ ነው? ይሉኝታ ይዞህ ዝም ካልክ ጥፋቱ የደላላው ብቻ አይደለም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ጉራ አለበት፤ ግን ጉራ ብቻ አይደለም። ቻይና በግንቦት 2017 ያመጠቀቻቸው 12 ሳተላይቶች ከታቀዱት 2,800 የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ኮምፒውተር ለምን ይሸከማሉ? ሳተላይት ብዙ ምስል ያነሳል፤ ማውረድ የሚችለው ግን ጥቂቱን ነው። ምድር ላይ ባለ ጣቢያ አናት የሚያልፈው ለጥቂት ደቂቃ ነዋ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2012 ስትመጥቅ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። ምስሉ እዚያው ሳተላይቱ ላይ ከተመረመረ ግን መልሱ ብቻ ይወርዳል፦ «እዚህ ጋ እሳት አለ፣ እዚያ የጦር መርከብ አለ»። ለጦር ሠራዊት ያቺ የተቆጠበች ሰዓት ብዙ ነገር ናት። ሳተላይቶቹ በሌዘር ከተነጋገሩ ደግሞ በሰው አገር ጣቢያ ልትከል ብሎ መለመን ይቀንሳል። የምህዋር (ሳተላይቱ ምድርን የሚዞርበት መንገድ) እና የሬዲዮ ሞገድ ድርሻውም እንደ ገበያ ቦታ ነው፤ ማልዶ የደረሰ ይዘረጋል።

ሌላው ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ፀሐይ እምብዛም የማትጠልቅበት ምህዋር አለ። ጉግልም ለዚሁ ነው በ2019 ሁለት የሙከራ ሳተላይት ሊልክ ያቀደው። (ጠፈር ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይግልም የሚልህን አትስማ። አየር ስለሌለ ሙቀቱ የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው፤ አንዱ ራስ ምታታቸውም ይሄው ነው።)

አንተስ የት ትገባለህ? እኔ ሥራ የጀመርኩት በቀያሽነት ነው። አንድ ክረምት ይልማና ዴንሳ ውስጥ የሳተላይት ምስሉ «ኩሬ» ያለውን ቦታ ፍለጋ ጭቃ ለጭቃ ሄድን። ስንደርስ ውሃ የተኛበት የጤፍ ማሳ ነው። ባለማሳው ሳቁብን። ላይ ያለው ኮምፒውተርም ታች ያለውን የሚያውቅ ሰው ካላስተማረው ያንኑ ነው የሚሳሳተው፤ ያውም በፍጥነት።

ሴንቲኔል-2 የሚባሉት ሳተላይቶች የጣናን ምስል በየ5 ቀኑ በነፃ ይሰጡሃል። የመመረቂያ ሥራህን እምቦጭን ከደንገል የሚለይ ሞዴል (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) አድርገው። ትንሽ ይሁን፤ ፀሐይ ቢኖርም የአንድ ሳተላይት ኃይል ውስን ስለሆነ በደካማ ኮምፒውተር የሚሄድ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ታንኳ ተሳፈርና ሞዴሉ የት የት እንደሳተ በዓይንህ እያየህ አርመው።

እንግሊዝኛው? ሪፖርቱን ስትጽፍ ይገራል።